«ደረቅ ዛፍ ነኝ» ለሚል ሰው የሚሆን የመጻሕፍት መደብር በሐዋሳ

ይህ አስተያየት በሐዋሳ፣ ከቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ ስለሚገኝ አንድ የመንፈሳዊ መጻሕፍት መደብር የተጻፈ ነው። የመደብሩን ስም አልጠቅስም። እኔ ትራንስጀንደር የሆንኩ፣ ማለትም በውስጤ የማውቀው ጾታ ስወለድ ከተሰጠኝ የሚለይ፣ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤት ተወልጄ ያደግሁ፣ ዛሬም ጾሙንና ቅዳሴውን ያልተውኩ ሰው ነኝ፤ መደብሩንም የምመዝነው በዚሁ ዓይን ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ ስማቸው ከእንዲህ ያለ ጉዳይ ጋር እንዲነሣ አልጠየቁም። አንባቢ ቦታውን ፈልጎ ባያገኘው እንኳ፣ እንዲህ ካለ ቤት ምን ሊገኝ እንደሚችል እንዲያውቅ በዝርዝር እጽፋለሁ።

ከመደርደሪያው በፊት ስለ አቀባበሉ ልናገር። አማርኛ ተናጋሪ ሰውን ከደጅ ሲያስገባ ገና በመጀመሪያው ቃል «ግባ» ወይም «ግቢ» ብሎ መምረጥ አለበት፤ የባጃጅ ሾፌሩም፣ የሻይ ቤቱ አስተናጋጅም፣ የባንኩ ጥበቃም ፊቴን አይተው ለአፍታ የሚያመነቱት እዚያ ላይ ነው። የመደብሩ ባለቤት፣ ሰው ሁሉ ጋሼ የሚላቸው ሽማግሌ፣ ለማንም ቢሆን አንቱታ ይጠቀማሉ፤ ውዳሴ ማርያም ሊገዛ ለመጣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳይቀር «ይግቡ፤ ምን ልታዘዝ?» ይላሉ። አንቱታ ወንድና ሴት አይለይም። ይህን የሚያደርጉት ለእኔ ብለው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እንዲያውም ለእኔ ብለው ቢያደርጉት ኖሮ ይህን ያህል ባላሳረፈኝ ነበር። በነገራችን ላይ «እኔ» የሚለውም ቃል ጾታ አይጠይቅም፤ ስለዚህ አንባቢ ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ቢያነበው፣ እኔ ልነግረው ያልፈለግሁትን ግሱ አይነግረውም።

ወደዚያ የሄድኩበት ምክንያት ስም ነው። በእኛ ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ይጠመቃሉ፤ የክርስትና ስም ሲወጣም ለወንዱ «ወልደ» ወይም «ገብረ»፣ ለሴቷ «ወለተ» ወይም «አመተ» የሚል ይቀድማል። ያ ስም በዘወትር ኑሯችን እምብዛም አይሰማም፤ የሚጠራው በጸሎት፣ በቁርባን፣ በመጨረሻም በፍትሐት ነው። ስለዚህ እንደ እኔ ያለ ሰው በመታወቂያው ላይ ከተጻፈው ጾታ ይልቅ በክርስትና ስሙ ውስጥ ያለው ጾታ ቢያስጨንቀው ሊገርም አይገባም፤ በአንዱ ቀበሌ ያውቀዋል፣ በሌላው ግን እግዚአብሔር ይጠራዋል ተብሎ ነው ያደገው። በቅዳሴ ጊዜም ወንዶች በሰሜን፣ ሴቶች በደቡብ በኩል ስለሚቆሙ፣ እኔ ለዓመታት ከሕንጻው ውጭ ከዛፍ ሥር ቆሜ ማስቀደስን መርጫለሁ። ለንስሐ አባት ነግሬ ወደ ጸበል ተልኬ ነበር። ጸበሉን አልነቅፍም፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሰባት ቀን ሙሉ ደኅና እንቅልፍ የተኛሁት እዚያ ነው፤ ነገር ግን የሄድኩት ሰው ሆኜ ተመልሻለሁ።

ጋሼን ስለ ራሴ አልጠየቅኋቸውም፤ ስለ ጃንደረቦች የተጻፈ ነገር እንዲያሳዩኝ ነበር የጠየቅሁት። «የባኮስን ነው?» አሉኝ። ባኮስ በእኛ ትውፊት፣ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ የተጠቀሰው የንግሥት ህንደኬ ባለሟል ስም ነው። ለምን እንደምፈልገው ሳይጠይቁ 81ዱን መጽሐፍ ቅዱስ አወረዱና በሦስት ቦታ ብጣሽ ወረቀት ሰክተው አቀበሉኝ፤ ከበሩ አጠገብ ያለችውንም ዱካ አሳዩኝ።

አንደኛው ወረቀት ያለው ኢሳይያስ 56 ላይ ነበር። በኦሪት ዘዳግም 23 የተሰለበ ሰው ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ እንዳይገባ ተከልክሏል፤ ነቢዩ ግን ጃንደረባ «እነሆ፣ እኔ ደረቅ ዛፍ ነኝ» እንዳይል ይናገርና፣ በእግዚአብሔር ቤት ውስጥ ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ ስም እንደሚሰጠው ቃል ይገባለታል። ወልድ ማለት ወንድ ልጅ፣ ወለት ማለት ሴት ልጅ ነው። በሁለቱ መካከል ዕድሜውን ለፈጀ ሰው፣ ከሁለቱም የሚበልጥ ስም አለ መባሉ ምን እንደሆነ ማብራራት አልችልም፤ ዱካዋ ላይ ቁጭ ብዬ አራት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛው ወረቀት የባኮስ ታሪክ ላይ ነው። በሠረገላው ሆኖ ሲያነብ የተገኘው ኢሳይያስ 53ን ነበር፤ ጥቅልሉን ጥቂት ቢያስኬደው ኖሮ ስለ ራሱ የተጻፈውን ያገኝ ነበር። ውኃ ሲያይ «እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ ያጠመቀው ፊልጶስም የተመለከተው እምነቱን እንጂ ሰውነቱን አልነበረም። ሦስተኛው መጽሐፈ ጥበብ ምዕራፍ 3 ነው፤ እዚያም እጁ ዓመፅን ያልሠራ ጃንደረባ ብፁዕ ተብሏል፣ በእግዚአብሔርም መቅደስ ደስ የሚያሰኝ ዕድል ተጠብቆለታል። ይህ ክፍል በ66ቱ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ስለሌለ፣ በስልኬ ብቻ ሳነብ በኖርኩባቸው ዓመታት መኖሩን አላውቅም ነበር።

ጃንደረባ ማለት ትራንስጀንደር ማለት አይደለም። በጥንት ዘመን ጃንደረባ የሚባለው በአብዛኛው በሰው እጅ የተሰለበ ወይም ከልደቱ ጀምሮ እንደዚያ የሆነ ሰው ነበር። ሆኖም ከወንድና ከሴት ወግ ውጭ የቆመን ሰው የእግዚአብሔር ቤት ምን እንደሚያደርገው መጽሐፉ የመለሰው በእነዚህ ሰዎች ታሪክ ነውና፣ ጥያቄዬን ይዤ ሌላ ወዴት እንደምሄድ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ወደ ስንክሳሩ፣ የየዕለቱ ቅዱሳን ታሪክ ወደሚነበብበት መጽሐፍ፣ አለፍን። ጥር 21 ሕዝቡ አስተርእዮ ማርያምን ሲያከብር፣ በዚያው ዕለት የንጉሥ ዘይኑን ልጅ ኢላርያ ትታሰባለች፤ የወንድ ልብስ ለብሳ በአስቄጥስ ገዳም መነኰሰች፣ ጢም ስላልነበራትም መነኰሳቱ ጃንደረባ መስላቸው ኖረች። የመሪና ታሪክ ደግሞ በነሐሴ 15 ይገኛል፤ ያልወለደችው ልጅ አባት ነህ ተብላ ስትባረር አንድ ቃል ሳትመልስ ልጁን አሳደገች፣ ሴትነቷም የታወቀው ለግንዘት ሲያጥቧት ነው። እነዚህን ቅዱሳት «የእኛ ናቸው» ብዬ አልወስዳቸውም፤ የሸሹት ወደ ምናኔ ነው እንጂ ከሴትነታቸው አልነበረም። ነገር ግን ዘዳግም 22 የወንድና የሴት ልብስ እንዳይቀያየር የሚከለክለውን ቃል ጠቅሶ የሚገሥጸኝ ሰው፣ ያው ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ የማንን መታሰቢያ እንደምታነብ ቢያስታውስ ደስ ይለኛል። ጋሼ የሚቃወመኝንም አልደበቁኝም። ሠለስቱ ምዕት የተባሉት አባቶች እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ ጉባኤ የወሰኑት የመጀመሪያው ቀኖና፣ ጤነኛ ሆኖ ራሱን የሰለበ ሰው በክህነት እንዳያገለግል ይከለክላል፣ በሕመም ምክንያት ሐኪም የሰለበውን ወይም በአረመኔዎች እጅ የተሰለበውን ግን አይከለክልም። ትራንስጀንደር የሆነ ሰው የሚያደርገው ሕክምና ከሁለቱ ከየትኛው ይመደባል የሚለው ጥያቄ ዛሬም ያከራክራል፤ እኔም መልሱን ከዚያ መደብር ይዤ አልወጣሁም።

አሁን ወደ ጉድለቱ ልምጣ። በመግቢያው ጠረጴዛ ላይ፣ ዓይን ቀድሞ በሚያርፍበት ቦታ፣ ደራሲዋን የማልጠቅሳት አንዲት ትንሽ መጽሐፍ በብዛት ተደርድራለች፤ በእሷ አባባል የእኔ ዓይነቱ ሰው ወይ እብድ ነው ወይ ጋኔን አለበት፣ «ፍናፍንት» የሚለውንም ቃል ያለ ቦታው ትጠቀምበታለች፤ ፍናፍንት ግን የሁለቱንም ጾታ አካላዊ ምልክት ይዞ የተወለደ ሰው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች መዝገብ ይህን ጉዳይ ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ አውጥቶታል። ጋሼ መጽሐፏን «ስለምትሸጥ» ነው ያስቀመጧት፤ ይህን ሲሉ ትንሽ አፈሩ መሰለኝ። የሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ሐሳብም በመደብሩ ጨርሶ የለም። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ጳጳሳት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት መመሪያ፣ ጥምቀት ስለማይደገም፣ ትራንስጀንደር የሆነ ምእመን የጥምቀት ቃል ኪዳኑን በሚያድስበት ጸሎት በአዲሱ ስሙ እንዲጠራ ፈቅደዋል። የቫቲካን የእምነት አስተምህሮ ጽሕፈት ቤት ደግሞ በ2023 እንዲህ ያለ ሰው በሌሎች ምእመናን ዘንድ ማሰናከያ እስካልሆነ ድረስ ሊጠመቅ እንደሚችል ገልጾ፣ በ2024 ግን ጾታን የመለወጥ ሕክምናን እንደማይቀበል አስታውቋል። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው ወንድና ሴት ሆኖ ተፈጠረ የሚለውን ይዛ እንዲህ ያለውን ለውጥ እንደማትቀበል አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሌሎች ምን ብለው እንደተከራከሩ የሚያሳይ አንድ መጽሐፍ ባገኝ እወድ ነበር።

የቀረው የተለመደ ነው። የ81ዱ ፊደል እጅግ ደቃቅ ነው፣ ወረቀቱም ከመሳሳቱ የተነሣ የጀርባው ጽሑፍ ይታያል፤ የኅዳግ ማጣቀሻውም ከባኮስ ወደ ኢሳይያስ 53 ይመራል እንጂ ወደ 56 አይመራም። ለምሳ ሲዘጋ መቼ እንደሚከፈት አይታወቅም። ዱካዋ ደግሞ አንድ እግሯ አጭር ነው።

ስንክሳሩ በሁለት ጥራዝ የታተመ ሲሆን፣ መሪና ያለችበት ሁለተኛው ጥራዝ አልቆ ስለነበር ከአዲስ አበባ እንዲያስመጡልኝ አዘዝኩ። ጋሼ የትዕዛዝ ደብተራቸውን ገልጠው «በማን ስም ልመዝግበው?» አሉኝ። ከዚያ በፊት ለማንም ጮክ ብዬ ተናግሬው የማላውቀውን ስም ነገርኳቸው። ብዕራቸውን አንሥተው ትንሽ ቆዩና፣ «በንጉሡ ሠ ነው ወይስ በእሳቱ ሰ?» ብለው ጠየቁኝ።

በእሳቱ ነው አልኳቸው።