ለዚያች ልጅ ምስጋና፤ ጉልበት ለታመማችሁም ጥቆማ

ጤና ይስጥልኝ። እኔ የሰው ጽሁፍ አንብቤ የማልፍ ሰው ነኝ። ዛሬ ግን ጉልበቴን በፊዚዮቴራፒ (በእንቅስቃሴ ሕክምና) ስላከመችልኝ ልጅ ዝም ብል ግፍ ይሆንብኛል።

ባለፈው ዓመት ከታክሲ ስወርድ ባጃጅ ገጨኝ። የጉልበቴ ሎሚ ተሰበረ። ቀዶ ጥገና ተደርጎልኝ በሽቦ አሰሩት። እንዴት እንዳሰሩት አትጠይቁኝ፤ ራጁን ሳየው ራሱ ያዞረኛል። እሱ እግዜር ይመስገን ደህና አለፈ። መከራው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለሳምንታት ታስሮ የከረመው እግሬ እንጨት ሆነ። አልታጠፍ አለ። ጭኔም ከስቶ የሌላ ሰው መሰለኝ።

መጀመሪያ ለፊዚዮቴራፒ የሄድኩበት ቦታ የ10 ቀን ሂሳብ አስቀድመው ተቀበሉኝ። ከዚያ የሚሞቅ መብራት ይደቅኑብኝና ልጁ ስልኩን ይዞ ይወጣል። ግማሽ ሰዓት ጣሪያ አይቼ "ጨርሰዋል" እባላለሁ። 10 ቀን ሙሉ! ሁለተኛው ቦታ ደግሞ አንድ ጎረምሳ ጉልበቴን በሁለት እጁ ይጫነዋል። ስጮህ "ቻል ያድርጉት እንጂ" ይለኛል። ማታ እንደ ድፎ አብጦ ያድራል። ጎረቤቶቼ ወጌሻ ይምጣ ማለት ጀመሩ። እውነቱን ለመናገር ልቤ ሸፍቶ ነበር፤ ያስቀረኝ ሽቦው ነው።

በመጨረሻ የእህቴ ልጅ እዚህችኛዋ ባለሙያ ጋ ወሰደችኝ። ገና ወጣት ናት። ጉልበቴን ሳትነካ "እትዬ፣ ቤትዎ ስንተኛ ፎቅ ነው?" አለችኝ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ 4ኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም። እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም! ያን ቀን የሠራነው ደረጃ ብቻ ነው። ስወጣ ጤነኛው እግር ይቀድማል፣ ስወርድ የታመመው። ማታ ማንም ሳይሸከመኝ ቤቴ ገባሁ።

ሌላ ቀን "ቡና የሚያፈሉበትን በርጩማ ይዘው ይምጡ" አለችኝ። የቀለደች መስሎኝ ነበር። ሦስት ትራስ ደራርባ እላዩ ላይ አስቀመጠችኝ። ጉልበቴ ሲለምድ አንዱን ታነሳለች። እሷ በዲግሪ ትለካለች፣ እኔ በትራስ። አንድ ቀን አብጦ ስሄድ ዳበስ አደረገችውና "ዛሬ አይነካም። በረዶ ይያዙበት፣ እግርዎን ከፍ አድርገው ይረፉ" ብላ መለሰችኝ። ሂሳብ ልስጥሽ ብላት እምቢ አለች። ለ10 ቀን መብራት የከፈልኩ ሰው ነኝ እኮ!

የመጨረሻውን ትራስ ያነሳችው በ5ኛው ወር ነው። ጥርሴን ነክሼ ዝቅ አልኩ። ተቀመጥኩ። እሷ ትራሱን ታቅፋ ትስቃለች።

ስግደት ገና ነው፤ ስንበረከክ ያመኛል። "እሱንም እንሠራበታለን" ብላኛለች። ቡናዬን ግን ቁጭ ብዬ አፈላለሁ።

ስሟን ያልጻፍኩት ፈቃዷን ስላልጠየቅኩ ነው። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አድራሻዋን እሰጣችኋለሁ። ጉልበት የተሠራችሁ፣ ቤት የተኛ እናት አባት ያላችሁ፣ እባካችሁ ሂዱ። እንደ እኔ ወራት አታባክኑ። ቀጠሮ ትንሽ ያስጠብቃል፤ ጠብቁ። በርጩማ መያዝ አያስፈልጋችሁም። የእኔን እዚያው ትቼላታለሁ፣ ለቤቴ ሌላ ገዝቻለሁ።