የጣውላ ወለል መምጠጫ ንጣፍ፦ የት ይሠራል፣ የት ገንዘብ ይበላል

ቧንቧ ፈንድቶ ወይም ማጠቢያ ማሽን ፈሶ ውኃ የጠጣ የጣውላ ወለል ለማዳን ከሚሸጡትና ከሚከራዩት ዕቃዎች ውስጥ በእኛ ግምት ዋጋውን የሚያወጣው መምጠጫ ንጣፉ ነው። ወለሉ ላይ የሚዘረጉ የፕላስቲክ ንጣፎች፣ ከእነሱ የሚወጡ ውስጣቸው የሚታይ ቱቦዎችና አየር የሚስብ ሞተር ናቸው። ከሞተሩ በፊት ውኃውን የሚያስቀር ማጠራቀሚያ መኖር አለበት። ይህ የሌለውን አትውሰዱ፤ ውኃው ሞተሩ ውስጥ ገብቶ ያቃጥለዋል።

ለምን ቬንትሌተር ብቻ አይበቃም? ውኃው በመገጣጠሚያዎቹ ሰርጎ ከጣውላው ሥር ይተኛል። ላዩን ቫርኒሹ ስለሚጠብቀው ዋናውን ውኃ የሚጠጣው የታችኛው ፊት ነው። ሥሩ ሲያብጥ ላዩ እንዳለ ስለሚቀር የየጣውላው ጠርዝ ቀና ይልና መሃሉ ይጎደጉዳል። ከመስኮት በኩል ብርሃን በአግድም ሲመታው ወለሉ እንደ ቆርቆሮ ሞገድ ይሠራል። በዚህ ላይ ቬንትሌተር ብቻ ቢደገን ላዩን ያደርቃል፣ ከሥሩ ጋር ያለውን ልዩነት ያሰፋል፣ ጠርዙንም የባሰ ያነሳዋል። ንጣፉ ግን በዚያው ውኃው በገባበት መገጣጠሚያ መልሶ ይስበዋል።

ከመዘርጋቱ በፊት ያለው ሥራ ፈጣን መሆን አለበት፤ ሻጋታ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መብቀል ሊጀምር ይችላል። ኤሌክትሪኩን ከቆጣሪው አጥፉ፣ የውኃውን ምንጭ ዝጉ፣ የተኛውን ውኃ ለውኃ በተሠራ ቫክዩም አንሡ፣ ምንጣፉንና የቤት ዕቃውን አውጡ። ዞኮሎውንም ንቀሉት። ከግድግዳው ሥር ያለው ክፍተት ካልተከፈተ ከጣውላው በታች አየር የሚገባበት መንገድ ይጠባል፣ የንጣፉም ጉልበት ይባክናል።

ንጣፉ በተቻለ መጠን ብዙ መገጣጠሚያ እንዲሸፍን አድርጋችሁ ዘርጉት፤ ከዚያ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጉ። ያረጀ ቫርኒሽ ላይ ኃይለኛ ፕላስተር ከተለጠፈ ሲነሳ ቫርኒሹን ይዞ ይመጣል፤ ማስኪንግ ቴፕ ይሻላል። ሞተሩ ሲነሳ ጠርዙ ላይ ጆሮ ማዋል ነው፦ የሚያፏጭ ቦታ ካለ አየሩ የሚሳበው ከክፍሉ ነው፣ ከጣውላው ሥር አይደለም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የውኃ ጠብታዎች ተከታትለው በቱቦው ውስጥ ሲሄዱ ይታያሉ። ከዚያ ይቀንሳሉ፣ ይቆማሉ፤ ያን ጊዜ «ደረቀ» ተብሎ ዕቃው ይነሳል። የቆመው ግን ከሥር የተኛው ውኃ ብቻ ነው። እንጨቱ ራሱ የጠጣው ገና አልወጣም፤ እሱ በእንፋሎት መልክ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ሥራው ብዙ ጊዜ ከሳምንት በላይ፣ ወፍራምና ጠንካራ እንጨት ከሆነ ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል።

ስለዚህ ንጣፉ ብቻውን ግማሽ ዕቃ ነው። ከሞተሩ የሚወጣው እርጥብ አየር ወደዚያው ክፍል ከተመለሰ ጣውላው መልሶ ይጠጣዋል፤ እርጥበት መምጠጫ ማሽን፣ ማለትም ዲሂዩሚዲፋየር፣ አብሮ መሥራት አለበት። የክፍሉ አየር እርጥበት ከ30 እስከ 50 በመቶ፣ ሙቀቱ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው። ከ30 በመቶ በታች አውርዶ ማቆየት ወይም ማሞቂያ ወለሉ ላይ መደገን እንጨቱን ይሰነጥቀዋል። ማሽኑ ላይ የተጻፈውን ሊትር ደግሞ እንዳለ አትመኑ። ብዙዎቹ አምራቾች የሚለኩት በ30 ዲግሪ ሙቀትና በ80 በመቶ እርጥበት ነው፤ በተራ ክፍል ውስጥ የሚሰበስበው ከዚያ በጣም ያንሳል። በማቀዝቀዣ ዘዴ የሚሠራው ዓይነት ብርድ ባለበት ክፍልም ይደክማል።

አንድ ነገር ብቻ መግዛት የሚችል ሰው መርፌ ያለውን የእርጥበት መለኪያ ይግዛ። መርፌ የሌለው ወለሉን ባይበሳም ከሥር ሚስማር ሲያገኝ ይሳሳታል፤ የላዩንና የታቹን ለይቶም አይናገርም። ከጫፋቸው በቀር የተሸፈኑ ረጅም መርፌዎች ግን የጣውላውን የታችኛ ክፍልና ከሥሩ ያለውን ኮምፔንሳቶ ለየብቻ ይለካሉ። መለኪያውን በእንጨቱ ዓይነት አስተካክሉ፣ መጀመሪያም ውኃ ያልደረሰበትን ክፍል ለኩ። እዚያ የእንጨቱ እርጥበት 8 በመቶ ከሆነ ግባችሁ 8 ነው፤ ቢያንስ ከ10 እስካልወረደ ዕቃው አይነሳ። በጣውላውና ከሥሩ ባለው ሰሌዳ መካከል ያለው የእርጥበት ልዩነት ደግሞ ስፋቱ ከ75 ሚሊሜትር በታች ለሆነ ጣውላ ከ4 የመቶኛ ነጥብ፣ ለሰፊው ከ2 የመቶኛ ነጥብ መብለጥ የለበትም። መለኪያው ከ30 በመቶ በላይ የሚያሳየው ቁጥር «በጣም እርጥብ ነው» ከማለት ያለፈ ትርጉም የለውም።

ንጣፉ በደንብ የሚሠራው በወንዴና በሴቴ ጠርዝ ተያይዞ በሚስማር ለተመታ ሙሉ እንጨት ነው። ኮንክሪት ላይ በኮላ የተለጠፈ ጣውላ ከሥሩ አየር ስለማያልፍበት ውጤቱ ደካማ ነው። ወፍራም ቫርኒሽ መገጣጠሚያውን ደፍኖት ከሆነም እንደዚያው። ላሚኔት ሆዱ የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ስለሆነ አንዴ ካበጠ አይመለስም፤ ለእሱ ኪራይ መክፈል ብክነት ነው። የፍሳሽ ውኃ የገባበት ወለልም መድረቅ ሳይሆን መነሳት አለበት።

ጉድለቱን ለመናገር፦ ሞተሩ ሌሊትና ቀን ይጮኻል፣ አንዱ ንጣፍ የሚሸፍነው ቦታ ትንሽ ስለሆነ እየለኩ ማዘዋወር ያስፈልጋል፣ ዋጋውም ለአንድ ጊዜ ሥራ አይገዛም። ተከራዩት፤ ሲረከቡ ቱቦዎቹ ያልተሰነጠቁ፣ ማጣሪያውም ንጹሕ መሆኑን ማየት አይቀርም።

ሲያብጡ እርስ በርስ የተጨፈላለቁ ጣውላዎች ከደረቁ በኋላ ክፍተት ሊተዉ ይችላሉ፤ ይህን የትኛውም ማሽን አይመልሰውም። ቀና ያለው ጠርዝ ግን ብዙ ጊዜ በራሱ ይተኛል፣ ጊዜ ይሰጠው። ሥሩ ሳይደርቅ የቀናው ጠርዝ በማሽን ከተላገ በኋላ ጣውላው ሲስተካከል የተላገው ጠርዝ ዝቅ ብሎ መሃሉ ጉብ ይላል፤ ያኔ ዳግመኛ መላግ ግድ ይሆናል፣ ጣውላውም ይሳሳል። የላይና የታች ልኬቱ እስኪገጥም ድረስ መላጊያ ማሽን ቤት አይግባ።