ለ“ኔጋቲቭ” ምስጋና፦ የመምህራኖቻችንን ፎቶ ከነቅጽል ስማቸው ላዳነልን

የድሮ መምህራኖቻችሁ ፎቶ በሳጥን፣ በአልበም ወይም በግድግዳ ላይ ያላችሁ የጎጃም ልጆች፣ ይህን ጽሑፍ ሳትሰለቹ አንብቡልን። ደብረ ማርቆስ ውስጥ አሮጌ ፎቶ የሚያድስ አንድ ባለሙያ አለ። ከተማው “ኔጋቲቭ” ይለዋል፤ ፎቶ ይዞ የመጣን ሰው ሁሉ ገና ከመቀመጡ “ኔጋቲቩስ የለም?” ብሎ፣ ፎቶው የታተመበትን ፊልም ማለቱ ነው፣ ስለሚጠይቅ ነው። እኛ የቀድሞ ተማሪዎች ለምናዘጋጀው የመምህራን ማስታወሻ አልበም የሠራልን ሥራ ከከፈልነው ገንዘብ በላይ ነው። እግዜር ይስጥልን። ለእናንተም እንጠቁማለን፤ ለምን እንደምንጠቁም ደግሞ ዝርዝሩን እንነግራችኋለን።

ፎቶ የሚያጠራና የሚያሳድግ ሞልቷል። የእሱ ልዩነት የፎቶውን ጀርባ እንደ ፊቱ አክብሮ መያዙ ነው። ሌላው ፊቱን ስካን አድርጎ ይመልሳል፤ እሱ ጀርባውንም ስካን ያደርጋል፣ ለሁለቱም አንድ ቁጥር ይሰጣል። በመምህራን ፎቶ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ተማሪ የመምህሩን ሙሉ ስም ይረሳል፣ የአባቱን ስም ጨርሶ ላያውቅ ይችላል፤ ቅጽል ስሙን ግን አይረሳም። ስለዚህ ከፎቶው ጀርባ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ “ኮምፓስ፣ 10ኛ ለ” የሚል ነው። ያ ቃል ከጠፋ ፊቱ ቢቀርም የማን እንደሆነ የሚናገር አይገኝም።

ቅጽል ስሙ ከየት እንደመጣ ማወቅም ለሥራው ይጠቅማል። ከመልክና ከአቋም የወጣ ስም ፎቶው ላይ ይመሰክራል፤ “ኮምፓስ” ረጃጅም እግሩን ከፍቶ የሚቆመው ነው፣ “ባለ አራቱ” የደረት ኪሱ ላይ አራት እስክሪብቶ የደረደረው ነው፣ በተራራው ስም የተጠራው “ጮቄ” ገና በጎልማሳነቱ ራሱ የነጣው ነው። ከአነጋገር የወጣ ስም ግን ከፎቶ አይነበብም። “በሌላ አነጋገር” የተባለው መምህር ፎቶው ላይ ከቆሙት ስድስት መምህራን የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው በክፍሉ የተማረ ሰው ብቻ ነው፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ቢያንስ ሁለት ምስክር፣ ያውም ለየብቻ የተጠየቁ፣ ያስፈልጋል። አንድ ላይ ከተጠየቁ አንዱ የተናገረውን ሌላው ያጸድቃል፤ ስህተቱም እንደ እውነት ይጻፋል።

ሦስተኛው ዓይነት በጣም የምንወደው ነው። ተማሪ መምህሩ ሲመጣ ለጓደኞቹ ማስጠንቀቂያ መስጠት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ስሙ መምህሩ ፊት ቢነገርም የማያስነቅፍ መሆን አለበት። “ደመና” እንዲህ ያለ ስም ነው። በር ላይ የቆመው ልጅ “ደመናው መጣ” ሲል ሰሙ የሰማይ ነገር ነው፣ ወርቁ የሂሳብ መምህሩ። ስመ ጥር የቅኔ ትምህርት ቤቶቹ ዋሸራና ጎንጅ ባሉበት አገር ልጅ ሁሉ ቅኔ ቤት ባይገባም ጆሮው እንዲህ ያለውን ነገር ለምዶ ያድጋል። እንዲህ ዓይነት ስሞችን አልበም ላይ ስታሰፍሩ አጠራሩንም አብራችሁ ጻፉ፤ “ደመና” ብቻ ተብሎ ቢቀር የሚቀጥለው ትውልድ መምህሩ ፊቱን የሚያጨፈግግ ሰው ነበር ብሎ ይተረጉመዋል።

አሁን ወደ ሥራው። ከቀረቡለት የፎቶ ካርዶች በአንዱ ጀርባ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈው ቃል ደብዝዞ “ሸማ” ይሁን “ሻማ” አልለይ ብሎ ነበር። ልዩነቱ አንዲት እግር ናት፤ የሸ ሁለት እግሮች እኩል ናቸው፣ የሻ ቀኝ እግር ግን ወደ ታች ይረዝማል። ቀለሙ የጠፋው ደግሞ ልክ እዚያው ጫፍ ላይ ነው። “ኔጋቲቭ” መብራቱን አጥፍቶ ትንሽ የእጅ ባትሪ ጠረጴዛው ላይ አስተኝቶ ከካርዱ ጎን አበራ። እስክሪብቶ ሲጫን ወረቀቱ ላይ ቦይ ይተዋል፤ ቀለሙ ቢሄድም ቦዩ ይቀራል፣ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ደግሞ ጥላ ይጥላል። የቀኙ እግር ቦይ ከግራው አልፎ ሲወርድ በግልጽ ታየ። ሻማ ነው። ቀጥ ያሉ፣ ቀጭን፣ ቀይ መምህር ነበሩ፤ የክፍሉ ልጆች ስሙ ሲነገራቸው ወዲያው አረጋገጡ።

ይህን ዘዴ ማንም ቤቱ ሊሞክረው ይችላል። ባትሪ ካልበቃ ጀርባውን በቀለም ስካን አድርጎ ቀዩን ቻናል (ምስሉ ከሚሠራባቸው ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ቀዩን) ለብቻው ማየት ነው፤ ሰማያዊ ቀለም እዚያ ጠቆር ብሎ ይወጣል። ቢጫ ወይም ቡናማ የሆነ አሮጌ ቀለም የሚጎላው በሰማያዊው ቻናል ነው። እርሳስ ከሆነ ካርዱን ብርሃን ላይ ዘንበል ቀና ማድረግ ይበቃል፤ እርሳስ ያብረቀርቃልና።

በአገራችን በብዛት የሚያጋጥመው ጉዳት እርጥበት ነው። ፎቶው በመስታወት ተገጥሞ ጭቃ ምርጊት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ግድግዳው እርጥበት ይስባል፣ የፎቶው ፊት ላይ ያለው ጄላቲን፣ ምስሉን የያዘው ስስ ሽፋን፣ ያብጥና መስታወቱ ላይ ይጣበቃል። በዚህ ጊዜ በቢላ ወይም በጥፍር ለማላቀቅ መሞከር ፊቱን መግፈፍ ነው። “ኔጋቲቭ” እንዲህ ያለውን አይነካካም። መስታወቱን ከውጭ በኩል ብቻ ያጸዳል፣ ከዚያ ከነመስታወቱ በካሜራ ያነሳዋል፤ ካሜራው ከላይ ቀጥ ብሎ ይታሰራል፣ ሁለት መብራት ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ ይቆማል። ብልጭታው ወደ ጎን ስለሚሄድ ካሜራው ውስጥ አይገባም። ስካነር ላይ ከነመስታወቱ ማስተኛትም ይቻላል፤ መስታወቱ ወፍራም ከሆነ ግን ፎቶው ከስካነሩ ይርቅና ይደበዝዛል። አዲስ ፍሬም ስታሠሩ በፎቶውና በመስታወቱ መካከል የካርቶን ጠርዝ ይኑር፣ ከፍሬሙ ጀርባም አራቱ ማዕዘን ላይ የቡሽ ቁራጭ ለጥፉበት፤ ከግድግዳው ራቅ ይላል፣ አየር ያልፋል።

ሻጋታ ላይም እንጠንቀቅ። ነጭ ወይም ግራጫ ነጥብ ያያችሁበትን ፎቶ በእርጥብ ጨርቅ አትጥረጉ። ሻጋታ ጄላቲኑን ይበላውና በውሃ የሚሟሟ ያደርገዋል፤ አንድ ጊዜ ስትጠርጉት ምስሉ ከጨርቁ ጋር ይሄዳል። መጀመሪያ ጥላ ባለበት ቦታ ይድረቅ፣ ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፣ ከቤት ውጭ። ምራቅና አልኮል የሚባል ነገር አይጠጋው።

የስካን ልኩን በተመለከተ 9 በ13 ሳንቲሜትር የሆነውን የተለመደ ካርድ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ይሠራዋል። ይህ ወደ 2,126 በ3,071 ፒክስል ይመጣል፤ በእጥፍ አድጎ 18 በ26 ቢታተም ጥራቱን አይለቅም። 3 በ4 የሆነችውን የመታወቂያ ጉርድ ግን በ1200 ነው የሚያነባት። ፋይሉን ጥራት በማይቀንሰው ቅርጸት፣ በቲፍ፣ ያስቀምጣል፤ አንዱ ካርድ 20 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ለመላክ ብቻ ጄፔግ ያወጣለታል። በቴሌግራም ስትለዋወጡ “ፋይል” ብላችሁ ላኩ፤ “ፎቶ” ብላችሁ ከላካችሁ ያሳንሰዋል፣ ከኋላ ረድፍ የቆሙት ፊታቸው ይጠፋል።

ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ቦታ ፊት “ማጥራት” ላይ ነው። አርባ ተማሪና ስድስት መምህር በቆሙበት ካርድ ላይ የአንድ ሰው ፊት 4 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። በ600 ዲፒአይ ይህ 94 ፒክስል ብቻ ነው። ዛሬ በስልክ የምናገኛቸው ፊት አጥሪ አፖች ከዚህ ውስጥ የሌለውን ነገር ፈጥረው ይሞላሉ፤ ሽፋሽፍት ይስላሉ፣ ጥርስ ይደረድራሉ። የሚወጣው ያማረ ፊት ነው፣ የመምህራችን ፊት ግን አይደለም። ልጆቻቸው ፎቶውን ሲያዩ “ይህማ አባባ አይደለም” ቢሉ ትክክል ናቸው። “ኔጋቲቭ” እጥፋት፣ ጭረት፣ አቧራና የቀለም መውየብ ያስተካክላል፤ ዓይንና አፍ ግን አይነካም። ሲያስረክብም ሁለት ፋይል ነው፤ አንዱ ያልተነካው ስካን፣ ሌላው የታደሰው። ይህን የማይሰጥ ባለሙያ ዘንድ አሮጌ ፎቶ ይዛችሁ አትሂዱ።

ስለ ኔጋቲቭ እንመለስ፤ ስሙን ያገኘበት ነው። ከፊልሙ የሚወጣው ዝርዝር ከካርዱ ስለሚበልጥ የተቃጠለ ቢመስላችሁም አትጣሉት። የ35 ሚሊሜትሩን ፊልም በ3200 ዲፒአይ ያነበዋል። ችግሩ ፊልም ተገልብጦ ሊነበብ መቻሉ ነው፤ ያን ጊዜ ግራው ቀኝ ይሆናል። የሚያብረቀርቀው ጎን የፕላስቲኩ ነው፣ ደብዛዛው ምስሉ ያለበት ነው፤ በጠርዙ ላይ ያሉት ቁጥሮች ቀጥ ብለው ከተነበቡ ልክ ነው። ጠርዙ የተቆረጠ ከሆነ ሰሌዳው ላይ ያለው ጽሑፍ ይናገራል። ሰሌዳው ባዶ ከሆነ ደግሞ የደረት ኪሱን እዩ፤ የኮት የደረት ኪስ በለባሹ ግራ ነው። አንድ ፊልም ላይ ጠርዙ ተቆርጧል፣ ሰሌዳው ባዶ ነው፣ መምህሩ ኪስ የሌለው ሹራብ ለብሷል፤ ጠመኔውን በቀኝ እጁ ይዟል። ፖስታው ላይ ግን “ግራኙ” ተብሎ ተጽፏል። በግራ እጁ የሚጽፍ መምህር በቀኙ ጠመኔ ይዞ ሲታይ “ኔጋቲቭ” ፊልሙን ገለበጠው፤ ኋላ የመጣ ሌላ ካርድም ያንኑ አረጋገጠ። ቅጽል ስሙ ባይጻፍ ኖሮ ፎቶው ተገልብጦ ይታተም ነበር።

ስለ ዓመተ ምህረትም አንድ ነገር። የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ወደ አገራችን መምጣት የጀመሩት በእኛ አቆጣጠር በ1955 ነው፤ እነሱና የህንድ መምህራን ያነሷቸው ወይም የጻፉባቸው ካርዶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆች ዓመት መለወጫ፣ ማለትም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ፣ ያለው 7 ዓመት ይቀነስለታል፣ ከዚያ ወዲህ ያለው 8። ስለዚህ “ኖቬምበር 1963” እና “ማርች 1964” የተባሉት ሁለት ካርዶች አንድ የትምህርት ዘመን ናቸው፤ 1956። ወሩ ካልተጻፈ በአንድ ዓመት ልትሳሳቱ ስለምትችሉ ሁለቱንም አማራጭ አስፍሩ።

ወደ እሱ ስትሄዱ ካርዶቹን በሁለት ካርቶን መሃል አድርጋችሁ በፖስታ ያዙ። በላስቲክ አትሰሩ፣ በወረቀት መያዣ ሽቦም አትያዙ፤ ሽቦው ይዝጋል፣ ዝገቱም ወደ ፎቶው ይገባል። የሚያጣብቅ ገጽ ባለው አልበም ውስጥ ከሆኑ ከነአልበሙ ውሰዱለት፤ እሱ ቀጭን የጥርስ ክር ከካርዱ ሥር አስገብቶ እየሳበ ያላቅቃቸዋል። አዲስ ጽሑፍ መጻፍ ካስፈለገ በእስክሪብቶ አይሁን፤ ተጭኖ ፊቱ ላይ ይወጣል፣ ቀለሙም ከላዩ ለተደረበው ካርድ ይተላለፋል። በለስላሳ እርሳስ፣ ጠርዝ ላይ፣ ሳትጫኑ ጻፉ። ጀርባው ፕላስቲክ ሆኖ እርሳስ ካልያዘ ፖስታው ላይ ጻፉ፣ ያውም ካርዱን ከማስገባታችሁ በፊት። ረድፍ ስትቆጥሩ “ከተመልካቹ ግራ” ማለት አይዘንጋ። ከቢቸና፣ ከሞጣ፣ ከቡሬ ወይም ከዳንግላ የምትልኩም ብትሆኑ አንድ ሰው በአካል ቢያመጣው ይመረጣል፤ ፎቶው አንድ ብቻ ነው። ዋጋውን ካርዱን አይቶ፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይናገራል፤ የማይድነውንም አይድንም ይላል። መናኸሪያው አካባቢ ቅጽል ስሙን ጠርታችሁ ብትጠይቁ ያሳዩዋችኋል።

በቅጽል ስሞቹ አጻጻፍ ላይ የተስማማንበት ደንብ ይህ ነው። “መምህር” ወይም “ወይዘሮ” ከሚለው ጋር ሙሉ ስም ይቀድማል፣ ቅጽል ስሙ ከሥር በትእምርተ ጥቅስ ይገባል። የአካል ጉዳትን ወይም የቆዳ ቀለምን የነካ ስም አይታተምም፤ ጀርባው ላይ ያለው ስካን ለቤተሰብ ብቻ ይሰጣል። ሌላውንም ቢሆን መምህሩ በሕይወት ካሉ እሳቸውን፣ ከሌሉ ልጆቻቸውን ሳናስፈቅድ አናወጣም። እስካሁን የጠየቅናቸው ጋሼዎች አብዛኞቹ ስማቸውን ድሮም ያውቁት ነበር፤ ደስ ብሏቸው ነው የፈቀዱልን።

አንድ ካርድ ግን ገና አልተፈታም። ጀርባው ላይ በእርሳስ “ጉም፣ 8ኛ መ” የሚል ብቻ አለ፤ ፊት ለፊቱ ሦስት መምህራን ባሕር ዛፍ ሥር ቆመዋል፣ መካከለኛው ጥቁር ኮት ደርቦ የደወል መዶሻ ይዟል። “ጉም” ከሦስቱ የትኛው እንደሆነና ስሙ ለምን እንደወጣለት የምታውቁ ካላችሁ፣ እርስ በርሳችሁ ሳትነጋገሩ፣ ለየብቻ ጻፉልን።