ለአሮጌው ራዲዮ፦ ቫልቭ ወይስ ዳዮድ?

ሰሞኑን የሚደወልልኝ ስለ አንድ ነገር ነው። «ያባቴ ራዲዮ የሬክቲፋየር ቫልቩ ሞቷል፤ ቫልቭ ልፈልግ ወይስ በዳዮድ ልተካው?» ሬክቲፋየር ማለት ተለዋዋጩን ኮረንቲ ወደ ቀጥተኛ የሚቀይረው ነው፤ ዳዮድም ያንኑ ሥራ የምትሠራ ትንሽ ዕቃ ናት። አዳማ ለምትኖሩ መልሴ አጭር ነው፦ በዳዮድ ተኩት።

ዋጋውን እንየው። ኢዜድ80 ለሚባለው የሬክቲፋየር ቫልቭ 2,500 ብር ተጠይቄያለሁ፤ ያውም ላገለገለ፣ ያለ ዋስትና። አንድ ጓደኛዬ በዚሁ ዋጋ ገዝቶ መጣ። ስሙ በአዲስ ቀለም ተጽፎበት ያብለጨልጫል። ውስጡን አናቱ ላይ ያለው ብርማ ቅብ ግን ነጭ ሆኗል። አየር ገብቶበታል፤ አለቀለት። ሻጩ ደግሞ «ሞክሬ ነው የሸጥኩልህ» ብሎ ድርቅ!

ዳዮዱ 1ኤን4007 ነው፤ አንዱን በ15 ብር ገዝቻለሁ። ሁለት ይበቃል ቢሏችሁም አራት ግዙ። ትራንስፎርመሩ በየጎኑ 300 ቮልት ከሰጠ፣ ዳዮዱ በተቃራኒ አቅጣጫ ወደ 850 ቮልት መቻል አለበት። አቅሙ 1,000 ነው። በእኛ መብራት ይህቺ ልዩነት እንቅልፍ አትሰጥም። በየጎኑ ሁለት ሁለት በተከታታይ በይዱ። 60 ብር፣ አለቀ። እግሩ ቀጭን ሆኖ ማግኔት የሚስበውን እኔ አልገዛም።

ጣጣ የለውም አልልም። ዳዮድ ገና ሲሰካ ኃይሉን ይለቀዋል። ሌሎቹ ቫልቮች እስኪሞቁ የሚጠቀምበት ስለሌለ 300ው ወደ 424 ቮልት ይወጣል። መብራቱ ወደ 240 ከፍ ካለ ደግሞ 460 ያልፋል፤ ያኔ ኮረንቲውን የሚያጠራቅመው ባለ 450 ቮልት ኮንደንሰር አደጋ ላይ ነው። አሮጌውማ አይነሳ! ባለ 500 ግዙለት። ከራዲዮው ጀርባ የቮልት መምረጫው 240 ወይም 245 ካለው እዚያ ላይ አድርጉት፤ ይሄ በነጻ ነው። ዳዮዱ ከቫልቩ ያነሰ ቮልት ስለሚበላ፣ በእሱና በመጀመሪያው ኮንደንሰር መካከል ቮልቱን የሚቀንስ 150 ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር ይግባ። ባለ 5ዋይ3 ራዲዮ ከሆነ የበለጠ ያስፈልገዋል፤ ያ ቫልቭ ብቻውን 50 ቮልት አካባቢ ይበላል። ለክታችሁ ጨምሩ።

የሬክቲፋየር ቫልቩ ዩዋይ85 የሆነ ራዲዮ ላይ ግን ተጠንቀቁ። የቫልቮቹ ማሞቂያ በተከታታይ ስለተያያዘ ቫልቩን ከነቀላችሁት ራዲዮው በሙሉ ይጠፋል። ማሞቂያው ደህና ከሆነ እዚያው ተዉት፣ ዳዮዱን ብቻ ጨምሩ። ከተቃጠለ በቦታው 380 ኦም፣ 10 ዋት ሬዚስተር ይግባ። በእነዚህ ራዲዮኖች ብረቱ አካል ራሱ ኮረንቲ ሊይዝ ይችላል፤ ከሶኬት ሳትነቅሉ እጃችሁን እንዳትሰዱ።