ማዝዳ ኤምኤክስ-5 እና ቢኤምደብሊው ዜድ 4 ባሕር ዳር ላይ፦ ከዘጠኝ ወር በኋላ

ይህችን መኪና የገዛኋት በቁጥር ተታልዬ ነው። የ2019 ሞዴል ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ናት። ሁለት ሰው ትይዛለች፣ ጣሪያዋ ይታጠፋል፣ ሞተሯ 2.0 ሊትር ነው። ወረቀቷ ላይ 184 የፈረስ ጉልበት ተጽፏል፤ ከቆመችበት ተነስታ በ6.5 ሰከንድ 100 ትገባለች ይላል። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ቢኤምደብሊው ዜድ 4 አለው፣ 20አይ የሚባለው። 197 የፈረስ ጉልበት፣ 6.6 ሰከንድ። በ0.1 ሰከንድ እበልጠዋለሁ። በዚህች 0.1 ስንት ቀን ቡና ላይ እንዳበሸቅኩት እሱ ይንገራችሁ።

ጉልበቱ የሱ ይበልጣል፤ ግን መኪናው ከባድ ነው። 1,400 ኪሎ ገደማ። የኔ ከዚያ ከ300 ኪሎ በላይ ትቀላለች። ስለዚህ የወረቀቱ ሂሳብ ስህተት የለበትም። ስህተቱ የኔ ነበር።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት መኪናዋን ከአዲስ አበባ ነድቼ ሳመጣት ነው። ሱሉልታን አልፌ ጎሃ ጽዮን እስክደርስ «ይቺ ናት 184?» እያልኩ ነበር። ነዳጅ እረግጣለሁ፣ ድምፁ ይመጣል፣ ጉልበቱ አይመጣም። ከዚያ ዓባይ በረሃ ወረድኩ። ታች ድልድዩ ጋ ደርሼ ነዳጅ ስሰጣት ሌላ መኪና ሆነች። ወንበሩ ወደ ኋላ ሳበኝ። ሞተሩ ስለተፍታታ መሰለኝና ደስ አለኝ። ዳገቱን ጨርሼ ደጀን ስገባ ግን ተመልሳ ደከመች።

ባሕር ዳር እንደገባሁ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ካንዴላ ቀይር አሉኝ፣ ቀየርኩ። ፊልትሮ አሉኝ፣ እሱንም ቀየርኩ። ምንም ለውጥ የለም። በሦስተኛው «ነዳጁ ነው» ሲሉኝ ቁልፌን ተቀብዬ ወጣሁ። እውነቱን የነገሩኝ ሌላ ቦታ ያገኘኋቸው ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። ኮፈኑን እንኳ አልከፈቱም።

«ልጄ፣ ይቺ ቱርቦ አላት?»

«የላትም ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ታድርግ? አየሩ ነዋ።»

ሞተር የሚበላው ቤንዚን ብቻ አይደለም፣ አየርም ይበላል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 80 በመቶውን ትንሽ ቢያልፍ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ያገኘውን አየር ብቻ ስለሚስብ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይወርዳል። የኔ 184 እዚህ ሲደርስ 150 ገደማ ሆኗል። አዲስ አበባ ላይ ከዚህም ይብሳል፤ ዝቅ ባለው በረሃ ውስጥ ነፍስ የዘራችውም ለዚህ ነው። የአክስቴ ልጅ ሞተር ግን ቱርቦ አለው። በጭሱ ግፊት የሚሽከረከር መዘውር አየሩን ጠቅጥቆ ያጎርሰዋል። አየሩ ሲሳሳ መዘውሩ በርትቶ ይሽከረከርና ጉድለቱን ከሞላ ጎደል ይሞላለታል።

ለማረጋገጥ በሐሙሲት መስመር ቀጥ ያለ ቦታ መረጥን። ማለዳ 12 ሰዓት፣ ከብቱም ባጃጁም ሳይወጣ። ጎን ለጎን አልተሽቀዳደምንም፤ ተራ በተራ፣ ሁለታችንም አንድ መኪና ውስጥ ሆነን፣ በስልክ ጂፒኤስ እየለካን። ደርሶ መልስ ሦስት ሦስት ጊዜ። የሱ አማካይ 6.9 ሰከንድ ወጣ። የኔ 7.8። ሁለተኛውን ዙር ስንጨርስ የአክስቴ ልጅ ስልኩን አዙሮ አሳየኝ። ቃል አልተናገረም። ቢናገር ይሻለኝ ነበር።

ልዩነቱ ግን ከመነሻው አይጀምርም። እስከ 30 እና 40 ድረስ የኔ ቅለቷ ይታያል፤ ፍሪሲዮኑን በደንብ ከለቀቅኩላት ተወርውራ ነው የምትነሳ። የሱ መጀመሪያ ላይ ለአፍታ እንደማሰብ ይላል፣ ከዚያ መዘውሩ ሲይዝ ይጎትታል፣ መጎተቱንም አይተውም። የማሽከርከር ኃይሉን፣ 320 ኒውተን ሜትሩን፣ ሞተሩ ገና በደቂቃ 1,450 ዙር ሲሽከረከር ጀምሮ ያገኛል። የኔ 205 ነው፣ ያውም 4,000 ዙር ላይ። ስለዚህ የኔን ሞተር ማስጮህ የግድ ነው። እስከ 7,500 ዙር ትወጣለች። ማርሹን የምቀይረው በእጄ ነው፤ አጭርና ጠቅ የምትል ማርሽ። የሱ ባለ 8 ማርሽ አውቶማቲክ ራሱ ይጨርሰዋል። እሱ ሻይ ይዞም መንዳት ይችላል።

ክረምቱ ሲያልፍ ደብረ ታቦር ሄድን፣ በየመኪናችን። ከተማዋ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እስከ ወረታ ሜዳ ነውና እኩል ነበርን። ከዚያ በኋላ ዳገቱን ስንይዝ የኋላ መብራቱን ብቻ እያየሁ ሄድኩ፤ ቆይቶ እሱም ጠፋ። እኔ ሦስተኛ ማርሽ ላይ እየጮህኩ፣ ከፊቴ አይሱዙ። ለመቅደም የሚሆን ጉልበት በኪሴ ስለሌለ ታግሼ ተከተልኩት። ደብረ ታቦር ስደርስ የአክስቴ ልጅ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ሂሳብ ጠይቆ ነበር።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ቀይር ብትሉኝ አልቀይርም። ከተማ ውስጥ 100 የሚነዳ ጤነኛ የለም። የኛ ኑሮ ከጉብታ እስከ ጉብታ ነው፤ 40 ትገባለህ፣ ትይዛለህ። እዚያች ላይ ደግሞ ንግሥቷ የኔ ናት። ቤዛዊት ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ፣ ጣሪያው ተከፍቶ፣ ፀሐይ ሐይቁ ላይ ስትጠልቅ ሰከንድ የሚቆጥር ሰው አላየሁም። እርግጥ ጉብታው ሁለታችንንም ያሳቅቃል። ሁለቱም ዝቅ ያሉ ናቸው፤ አግድም ካልወጣሃቸው ሆዳቸውን ይፋቃሉ።

ጣሪያን በተመለከተ የሱ ቁልፍ ተጭኖ 10 ሰከንድ ነው፣ እየሄደም እስከ 50 ድረስ ይከፈታል። እኔ መንጠቆውን ፈትቼ በአንድ እጄ ወደ ኋላ እጥለዋለሁ። በቀትር ግን ማንም አይክፈት። አንድ ቀን ጊዮርጊስ አካባቢ ከፍቼ ቆሜ ሳለ አንዲት እናት ጠጋ ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ጣሪያዋን ነፋስ ወሰደብህ?»

«የለም እማማ፣ ታጥፎ ነው።»

«በዚህ ፀሐይ? እንዲያው ጃንጥላዬን ላውስህ?»

ዕቃ መጫኛዋ 130 ሊትር ብቻ ነው፤ የሱ 281። ከዘጌ ቡና ስናመጣ ጆንያው የሚጫነው እሱ ጋ ነው። መለዋወጫዋ እዚህ እንደልብ አይገኝም፤ ከውጭ በሚመጣ ሰው እጅ ነው የማስመጣው።

0.1 ሰከንዴን ግን ገና አልለቀቅኩም። ባለፈው ሳምንት ቡና ላይ «ፍትሐዊ ውድድር ከፈለግህ ጅቡቲ ድረስ ነድተን ባሕር ዳር ላይ እንሞክረው» አልኩት።

ስኒውን አስቀምጦ ዞር ብሎ ጣናን አየና «ታዲያ አሁን የት ነን?» አለኝ።