እጣን ወይስ ኡንሲ? ከከፊራ ከመግዛታችሁ በፊት

ድሬዳዋ ከፊራ ገበያ ገብታችሁ እጣን ብትሉ ሁለት ነገር ይቀርብላችኋል። አንዱ ከዛፍ የተለቀመ ደረቅ ሙጫ ነው። ሌላው ሶማሌ ጎረቤቶቻችን ኡንሲ የሚሉት ነው፤ ስኳር አቅልጠው የተፈጨ እጣንና ሽቶ ይጨምሩበታል። "ምንም ያልገባበት ይሻላል" የሚል ብዙ ነው። እኔ ግን ሁለቱንም ከቤቴ አላጣም።

ሰው የሚሳሳተው ሱቅ ውስጥ አሽትቶ ስለሚገዛ ነው። በአፍንጫ ከሆነ ኡንሲ ሁሌም ያሸንፋል። ደረቅ እጣን እሳት ካልነካው ብዙም አይሸትም። አንዴ በጠረኑ ተማርኬ አንድ ብልቃጥ ኡንሲ ገዛሁ። ፍሙ ላይ ሳደርገው ሽቶው ወዲያው በኖ አለቀ። እናቴ "ምን አረረ?" ብላ ወደ ማድቤት ሮጠች። ያረረው ስኳሩ ነበር።

ስለዚህ ባለሱቁን "አቦ፣ እስቲ አንዷን አጭስልኝ" በሉት። ጥሩ እጣን አመድ የለበሰ ፍም ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ ይለሰልሳል፣ ከዚያ አረፋ ይደፍቃል፣ ነጭ ጭስ ይወጣዋል። ከሰሜን፣ ከመተማና ከትግራይ በኩል የሚመጣው ብርቱካን ብርቱካን ይላል። የእንጨት ጭስ ከሸተታችሁ ቅርፊት አለበት ማለት ነው። ተለቅ ያለ፣ ፈዘዝ ያለ፣ እርስ በርሱ ያልተጣበቀ ምረጡ። ዱቄቱ ርካሽ ነው፤ ቆሻሻውም እዚያ ነው የሚበዛው።

ኡንሲን ደግሞ ትንሽ ታገሱት። ሽቶው ካለፈ በኋላ የሚቀረውን አሽትቱ። በደንብ የተሠራ ከሆነ ከስር እጣኑ ይመጣል፤ ያልተሠራው ስኳር ብቻ ይሆናል። እቤቷ ከምትሠራ ሴት ብትገዙ ደስ ይለኛል። ምን እንደጨመረችበት ጠይቃችሁ መልስ ታገኛላችሁ።

የቱ ለምን? ለቡና እጣን፣ ያለ ጥርጥር። የሐረር ቡና ሲቆላ የራሱ ጠረን አለው፤ ኡንሲ ይሸፍነዋል። ለልብስና ለፀጉር ግን ኡንሲን የሚስተካከል አላየሁም። ማታ ያጠንኩት ነጠላ ጠዋትም ይሸታል። ሰንደል ለችኮላ ቀን ይሁንላችሁ።

ጎረቤቴ እጣን ሳጨስ "ሽታው የታለ?" ትለኛለች። ለእናቴ ያው ጭስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ለጎረቤቴ ደግሞ ኡንሲ የሰርግ ቤት ነው። ማናቸውንም ተሳስታችኋል አልላቸውም።

አስም ያለበት ሰው ወይም ጨቅላ ልጅ ካለ ግን ሁለቱም ጭስ ናቸው። ምንም ያልገባበት ስለሆነ ሳንባ አይነካም አትበሉ፤ መስኮት ክፈቱ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ኡንሲውን በትንሹ ግዙ። እጣኑን በኪሎም ብትወስዱ ችግር የለም፤ ደረቅ ቦታ ካስቀመጣችሁት ይቆያል።