ቅልጠትን ክፍል ውስጥ ለማሳየት፦ በረዶ ይሻላል ወይስ ሻማ?

ወጪ፦ ሁለቱም ርካሽ ናቸው። በረዶ ግን ፍሪጅ ይፈልጋል። ሌሊቱን መብራት ከጠፋ ጠዋት ክፍል ይዘው የሚገቡት ውሃ ነው፤ ደርሶብኛል። ሻማ ከየትኛውም ሱቅ ይገኛል።

አደጋ፦ በረዶ ቢበዛ ጠረጴዛ ያረጥባል። የቀለጠ ሻማ ግን ቆዳ ያቃጥላል፣ በቀጥታ እሳት ላይ ከተጣደም ሊቀጣጠል ይችላል። በፈላ ውሃ ውስጥ አስቀምጦ ማቅለጥ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ቢሆንም ለሻማ ይበቃል።

የሙቀት መጠን በጊዜ እንዴት እንደሚለወጥ በሚያሳየው ግራፍ ላይ ነው ልዩነቱ የሚጎላው። የተፈጨ በረዶ ውስጥ ቴርሞሜትር ተክለው እያማሰሉ በየደቂቃው ያንብቡ፤ 0 ላይ ቀጥ ይላል። ተማሪዎች «ቲቸር፣ ተበላሽቷል!» ይላሉ። አልተበላሸም። የሚገባው ሙቀት ሞለኪውሎቹን ከያዛቸው ሥርዓት ለማላቀቅ እየዋለ ነው። 1 ግራም በረዶ ለመቅለጥ 334 ጁል ይፈልጋል። ይኸው ሙቀት 1 ግራም ውሃን ከ0 ወደ 80 ዲግሪ ያደርሳል!

ሻማ እንዲህ ቀጥ አይልም። ሻማ የሚሠራበት ሰም፣ ፓራፊን፣ የብዙ ሃይድሮካርቦኖች (የካርቦንና የሃይድሮጅን ውህዶች) ድብልቅ ስለሆነ መጀመሪያ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ይቀልጣል። ግራፉም ያዘነብላል። ሲረጋ ግን መሃሉ ይሰረጉዳል፤ ሻማ ሲጠጥር ይኮማተራል፣ ውሃ ግን ይሰፋል።

ትምህርቱ ስለ መቅለጫ ነጥብ ከሆነ፣ ፍሪጅም ካለ፣ በረዶ። ንጹህ ነገርንና ድብልቅን ለመለየት ወይም መብራት በማያስተማምንበት ሰፈር፣ ሻማ። እኔ ሻማውን ሁሌም ቦርሳዬ ውስጥ እይዛለሁ።